ሀርት አታክ ሲይዝ የልብ ጡንቻን ማትረፍ፦ ከሳሎን እስከ ካትላብ ደቂቃ በደቂቃ

ድንገተኛ ክፍል ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) ነኝ፣ አዲስ አበባ መሀል ከተማ። ከሜክሲኮ ከለገሃር ከፒያሳ ከአራት ኪሎ ደረቱን ይዞ የሚመጣ ሰው አዳር በገባሁ ቁጥር አላጣም፣ እና ቤተሰብ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ ሁሌ ሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ዶክተር ልቡን ሚጠግንለት መድሃኒት ካለ ከውጪም ቢሆን እናስመጣለን"። እንደዛ አይነት መድሃኒት የለም። የሞተ የልብ ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል እንጂ ተመልሶ አይበቅልም። ያለን ምርጫ ሳይሞት መድረስ ብቻ ነው፣ እንዳንደርስ ሚያደርገን ደሞ ሳሎን ውስጥ፣ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ እየተንጠባጠበ ሚያልቀው ደቂቃ ነው። ይሄን ስፅፍ ግማሹን ለቤተሰብ ግማሹን ደሞ ክሊኒክ ውስጥ ብቻውን አዳር ለሚሰራ ጓደኛዬ እያሰብኩ ነው፣ ዶዝ ያለበት ቦታ የሀኪም ስለሆነ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት።

መጀመሪያ ውስጥ ምን እንደሚሆን

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ይረጫል፣ እሱ ራሱ ግን ደም ሚያገኘው ላዩ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ስሮች ነው። ከነዚ አንዱ ውስጥ ለአመታት ሲጠራቀም የኖረ ስብ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ላይ ደም ይረጋል፣ ስሩ ይደፈናል፣ ከዛ ወዲያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን አጣ ማለት ነው። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሞት ይጀምራል። ግን ሁሉም በአንዴ አይሞትም፣ ከግድግዳው የውስጠኛው ገፅ ይነሳና እንደ ሳር እሳት ወደ ውጪ እየበላ ይሄዳል። ይሄን በ1977 (እዚ ፅሁፍ ላይ ያለው አመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) እነ ሬይመር እና ጄኒንግስ ውሾች ላይ ለክተውታል፣ ስሩ ተዘግቶ 40 ደቂቃ ላይ ሲከፈት ከግድግዳው ውፍረት 38 በመቶው ሞቶ ተገኘ፣ 3 ሰዓት ላይ 57 በመቶ፣ 6 ሰዓት ላይ 71 በመቶ። ቁጥሩን በደንብ እዩት፣ ትልቁ ኪሳራ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሚቆጠበው 30 ደቂቃ እና ስምንተኛው ሰዓት ላይ ሚቆጠበው 30 ደቂቃ እኩል አደሉም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ጋ "ልብ ድካም" ሲባል ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሀርት አታክ የስር መደፈን ነው፣ የልብ ድካም ሚባለው ደሞ ልቡ ተዳክሞ ደም መርጨት ሲያቅተው ነው። የመጀመሪያው በሰዓቱ ካልታከመ ሁለተኛውን ይወልዳል፣ ይሄ ሁሉ ሩጫ ለሱ ነው።

ደረጃ 1፦ "ጨጓራ ነው" ሚለውን ቃል መጠርጠር

እዚ ከተማ ውስጥ ከምንም በላይ የልብ ጡንቻ የበላው ይሄ ቃል ይመስለኛል፣ ግምቴ ነው ግን ብዙ ስላየሁ ነው። የራሴ አጎት ሰንጋ ተራ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው ሚኖሩት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፣ ላብ አጠመቃቸው፣ አክስቴ ልትደውልልኝ ስትል "ተይው ልጁን አትቀስቅሺው፣ ማታ የበላሁት ክትፎ ነው ጨጓራዬን የነካው" ብለው ተልባ አስበጥብጠው ጠጡ፣ ኦሜፕራዞል ዋጡ፣ ተቀመጡ። እኔ የሰማሁት 11 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተልባ!

ሚያሳስበው ህመም ይሄ ነው፦ ደረት መሀል ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ያህል መጫን ወይም መጨመቅ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ መሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ "አሁን ነው ምሞተው" ሚል ጭንቅ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አርፎም ካልተወው አትጠብቁ። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶች እና በእድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደሞ ህመሙ ላይኖር ይችላል፣ ድንገት ድካም፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከእምብርት በላይ ምቾት ማጣት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጣት ቀስሮ "እዚች ጋ ይወጋኛል፣ ስተነፍስ ይብስብኛል" ሚል ውጋት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፣ እሱንም ቢሆን ግን በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ሚስለው ምርመራ) እንጂ በመላ አትለዩት።

ደረጃ 2፦ ስልክ፣ አስፒሪን፣ ቁጭ

ሶስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ሰው ካለ እየተከፋፈላችሁ። አንዱ 907 ወይም 939 ይደውል፣ የግል አምቡላንስ ቁጥር ካላችሁ እሱም ይሞከር። ሌላው አስፒሪን ይፈልግ። በሽተኛው ይቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አይራመድ፣ ሽንት ቤት እንኳን ደርሼ ልምጣ ቢል በቃ አይሆንም። ልብ ስራ በበዛበት ቁጥር ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የተደፈነው ስር ደሞ ሚሰጠው ነገር የለም።

አስፒሪኑ ከ162 እስከ 325 ሚሊግራም ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ቤት ውስጥ ሚገኘው የ81 ሚሊግራሟ ትንሿ ክኒን ናት፣ ስለዚ 4ቱን አኝኮ መዋጥ ነው፣ ማኘክ አለበት፣ ዝም ብሎ በውሀ ከዋጠው ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ ሚገባው። ይሄ ርካሽ ክኒን ምን ያህል እንደሚሰራ ሰው አያምነኝም። በ1988 የወጣው አይሲስ 2 ሚባለው ጥናት 17,187 ሰው ላይ ሞክሮት በልብና በደም ስር ሚመጣን ሞት አስፒሪን ብቻውን በ23 በመቶ ቀነሰ፣ ስትሬፕቶካይኔዝ ሚባለው ደም ማሟሻ (የረጋ ደም ሚያሟሟ መርፌ) ብቻውን በ25፣ ሁለቱ አንድ ላይ በ42 በመቶ። መች እንደማትሰጡ ደሞ እወቁ፦ አስፒሪን አለርጂ ካለበት፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ፣ ህመሙ ደሞ ጀርባውን እንደ ጨርቅ ሚቀደው አይነት ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ለሀኪም ተዉት።

በዚ መሀል ከወደቀ እና መተንፈስ ካቆመ ወይም እንደሚያቃስት ብቻ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደረቱ መሀል አድርጋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ወደ ታች ግፉ፣ ስትደክሙ ተቀያየሩ፣ አታቁሙ። ውሀ ፊት ላይ መርጨት፣ ሽንኩርት ማሽተት፣ ክብሪት ማጨስ ለልብ መቆም ምንም አይረባም።

ደረጃ 3፦ ከቤት ማውጣት

አምቡላንስ ቶሎ ሚደርስ ከሆነ ጠብቁት፣ ውስጡ ሰው እና ማሽን አለ። ግን ሰዓቱ ከመሸ ወይም ዝናብ ከሆነ፣ መንገዱ ከታነቀ፣ "በመምጣት ላይ ነን" ሚለው ነገር ከተራዘመ ራይድም ይሁን ላዳ ወይም የጎረቤት መኪና ይዛችሁ ውጡ። በሽተኛው ራሱ እንዳይነዳ፣ በፍፁም።

አጎቴ ጋ እንደደረስኩ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል፣ ሰባተኛ ፎቅ ናቸው፣ ሰውየው "ወርጃለሁ ምን አለኝ" ብለው ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ጋሼ እርሶ ይቀመጡ ብዬ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ አስቀምጠን ዘበኛውን እና የጎረቤት ልጆችን ጠርተን አራት ሆነን ከነወንበሩ ተሸክመን አወረድናቸው። አፈሩ፣ ተቆጡ፣ ግን ወረዱ። ፎቅ ላይ ምትኖሩ ሰዎች ይሄን ቀድማችሁ አስቡት፣ ማን ይሸከማል፣ በየት ይወጣል፣ የግቢው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው።

ወዴት ነው ምትሄዱት? ሰፈር ክሊኒክ መጀመሪያ ቆም እንበል ሚለውን ነገር ተዉት፣ ኢሲጂ ከሌላቸው ጊዜ ብቻ ነው ምታጡት። ዛሬ ደህና ቀን ላይ ቁጭ ብላችሁ ቅርባችሁ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ጋ ደውሉና ሶስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ካትላብ (የተደፈነውን የልብ ስር በቀጭን ሽቦ ሚከፍቱበት ክፍል) አላችሁ፣ ማታ እና እሁድ ይሰራል፣ ካልሰራስ ደም ማሟሻ መርፌው አላችሁ። መልሱን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ መጠየቅ በጣም ዘግይቷል።

ደረጃ 4፦ በር ላይ

ሁለት አስታማሚ ይዛችሁ ግቡ፣ አንዱ ከበሽተኛው ጋ አይለይ፣ ሌላው ካርድ ለማውጣት፣ ለክፍያ፣ ፋርማሲ ለመሮጥ። አንድ ሰው ብቻ ከሆናችሁ ካርድ ክፍል አትሰለፉ፣ በቀጥታ ትሪያጅ (መጀመሪያ በሽተኛ ሚለይበት ቦታ) ጋ ሄዳችሁ ጮክ ብላችሁ "ደረቱን ጨምድዶታል፣ የጀመረው በዚ ሰዓት ነው፣ ኢሲጂ ይነሳልን" በሉ። ነውር አደለም። ደረጃው እንደሚለው ኢሲጂ ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ሀኪም ሊያየው ይገባል።

የሰዓት ነገር ላይ ቆም ልበል ምክንያቱም ይሄ የኛ ሀገር ችግር ነው። ህመሙ የጀመረበት ሰዓት ሁሉንም ውሳኔ ሚወስን ቁጥር ነው፣ እኛ ደሞ ሁለት አይነት ሰዓት ነው ምንቆጥረው፣ የሀበሻ እና የፈረንጅ። አጎቴ "9 ሰዓት" አሉ፣ ነርሷ 9:00 ብላ ፃፈች፣ የተረከበው ሀኪም በፈረንጅ መስሎት የማታውን 9፣ በኛ ማታ 3 ሰዓት አድርጎ አነበበው። እኛ የገባነው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። ትክክለኛው 5 ሰዓት የቆየ ህመም ነው፣ በሱ ስሌት ግን 11 ሰዓት፣ ማለትም ሊዘጋ የተቃረበ በር፣ ደም ማሟሻው ሚሰጠው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነውና። ባልሰማ ኖሮ እንደዛው ያልፍ ነበር። ስለዚ "ከሌሊቱ 9፣ በሀበሻ፣ ፋጅር አዛን ሳይል" ወይም "ኪዳን ሳይደርስ" ብላችሁ ተናገሩ፣ ሀኪሞች ደሞ ባካችሁ "በሀበሻ" ወይም "በፈረንጅ" ሚል ቃል አጠገቡ ፃፉ።

እዛው ላይ መናገር ያለባችሁ፦ ሚወስደው መድሃኒት ሁሉ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ፣ ከዚ በፊት ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ደም መፍሰስ ነበረው ወይ፣ ባለፈው ወር ኦፕሬሽን ወይም ከባድ ጉዳት፣ ጫት፣ ሲጋራ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋ ዘመድ ነው፣ ስር ያኮማትራል፣ ሀኪሙ ሚሰጠውን ሊቀይርበት ይችላል። እና ቪያግራ። ይሄን ሚስት እና ልጆች ፊት ማንም አያወራም፣ ስለዚ እኔ ሁሉንም "አንዴ ወጣ በሉልኝ" ብዬ ነው ምጠይቀው። ባለፈው 24 ሰዓት ወስዶ ከሆነ ምላስ ስር ሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱን ወለል ላይ ሊጥለው ይችላል።

ደረጃ 5፦ ኢሲጂ እና ሁለቱ መንገድ

ይሄ የሀኪም ክፍል ነው። ኤስቲ (ኢሲጂው ላይ ያለ የመስመሩ ክፍል) ከፍ ብሎ ካያችሁት ትሮፖኒን (የልብ ጉዳት ሚያሳይ የደም ምርመራ) አትጠብቁ፣ ላብራቶሪው እስኪመልስ ሚሞት ጡንቻ አለ። የመጀመሪያው ኢሲጂ ንፁህ ከሆነ እና ህመሙ ካለ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየቆያችሁ ድገሙት። የታችኛው ግድግዳ ከሆነ የቀኝ ደረት ኢሲጂም አንሱ፣ ቀኝ ልብ ተነክቶ ከሆነ ናይትሮ አይሰጥም፣ ፈሳሽ ነው ሚፈልገው። ኢሲጂውን ፎቶ አንስታችሁ ሚቀበለው ካርዲዮሎጂስት ጋ በቴሌግራም ላኩት፣ በስልክ "ከፍ ያለ ይመስለኛል" እያሉ መግለፅ ትርፉ ድካም ነው።

ከዛ አንድ ስሌት ትሰራላችሁ። ምርመራው ከታወቀበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 120 ደቂቃ ባለው ውስጥ ካትላብ ገብቶ ሽቦ የተደፈነውን ስር ያልፋል ወይ? አዎ ከሆነ ሂዱ፣ ስቴንት (ስሩን ከፍቶ ሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ከመርፌ ይበልጣል። 120ውን ግን በሀቀኝነት ቁጠሩት። መኪናው ከቸርችል ጎዳና ሲነሳ ብቻ አደለም ሚቆጠረው፣ ሪፈር ወረቀት ሚፃፍበት፣ ቤተሰብ ዲፖዚት ሚያሰባስብበት፣ ማታ ከሆነ የካትላብ ቡድኑ ከየቤቱ ሚመጣበት፣ ሜክሲኮ አደባባይ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሚያቆማችሁ ጊዜ ሁሉ ውስጡ አለ። ከተማችን ውስጥ ርቀቱ አጭር ስለሆነ "20 ደቂቃ ነው" እያልን ራሳችንን እናታልላለን፣ መንገዱ 20 ሊሆን ይችላል፣ የቀረው 160 ነው።

አይደርስም ከሆነ፣ ህመሙ ከጀመረ ደሞ 12 ሰዓት ካልሞላው እና መከልከያ ከሌለው፣ እዛው ባላችሁበት ደም ማሟሻውን ስጡ፣ ከተወሰነ በ10 ደቂቃ ውስጥ መርፌው መግባት አለበት። መጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሰዓታት ውስጥ በጣም ነው ሚሰራው፣ ደሙ ገና ለጋ ነው። 12 ሰዓት ያለፈውም ቢሆን ህመሙ ካልተወው፣ ግፊቱ ከወረደ፣ የልብ ምቱ ከተረበሸ ካትላብ ያስፈልገዋል፣ "አለፈበት" ብላችሁ አታስተኙት።

ደረጃ 6፦ መርፌው ሲሰጥ

መከልከያዎቹን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ፦ መቼም ቢሆን የጭንቅላት ደም መፍሰስ ከነበረው፣ በቅርብ ወራት ስትሮክ፣ ያለ የደም መፍሰስ፣ በቅርቡ ከባድ ኦፕሬሽን ወይም የጭንቅላት ጉዳት፣ የዋናው ደም ስር መሰንጠቅ ጥርጣሬ፣ ደም ያለመርጋት በሽታ። ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ አውርዱት።

ስትሬፕቶካይኔዝ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በድሪፕ ነው፣ ግፊት ስለሚጥል አጠገቡ ቁሙ፣ ከዚ በፊት የወሰደ ሰው ደግሞ አይሰጠውም፣ ከባክቴሪያ ሚሰራ ስለሆነ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያበጅለታል። ቴኔክቴፕሌዝ ካገኛችሁ በክብደት ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በአንድ ግፊት ነው፣ እድሜው 75 እና ከዛ በላይ ለሆነ ግማሹ። ከሱ ጋ አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል 300፣ ከ75 አመት በላይ ከሆነ ግን 75 ብቻ፣ እና ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን። ወደ ካትላብ በቀጥታ ሚሄድ ከሆነ ክሎፒዶግሬሉ 600 ነው።

ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ውስጥ ኢሲጂ ድገሙ። ከፍ ያለው ኤስቲ ቢያንስ በግማሽ ካልወረደ ስሩ አልተከፈተም፣ ወዲያው ወደ ካትላብ። ከተከፈተም ስራው አላለቀም፣ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው አንጂዮግራፊ (የልብ ስሮች ራጅ) ይሰራለት። ስሩ ሲከፈት ሞኒተር ላይ የልብ ምቱ ለትንሽ ጊዜ ሊዘበራረቅ ይችላል፣ ዘገም ያለ ሰፊ ምት ከሆነና ግፊቱ ደህና ከሆነ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመከፈት ምልክት ነው። ድንገት ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም መቀባዠር ከመጣ ግን ሁሉንም አቁማችሁ የጭንቅላት ደም መፍሰስ አስቡ።

ደረጃ 7፦ ባለማድረግ ሚተርፍ ጡንቻ

ይሄ ክፍል ላይ ትንሽ እናደዳለሁ።

ዲክሎፌናክ። አጎቴን አክስቴ እኔ እስክደርስ ብላ መንገድ ማዶ ያለ አንድ ክሊኒክ ሰው አስጠርታ "ማስታገሻ" ተወግተው ነበር። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና ዘመዶቻቸው ሀርት አታክ ያለበት ሰው ላይ ጉዳት ይጨምራሉ። በዛ ላይ ቂጥ ላይ ሚወጋ ማንኛውም መርፌ ኋላ ደም ማሟሻ ሲሰጥ ጡንቻው ውስጥ ደም እንዲቋጥር ያደርጋል። ህመሙ ከባድ ከሆነ በደም ስር ትንሽ ሞርፊን ነው፣ እሱም በልክ፣ ሆድ ስለሚያዘገይ ክሎፒዶግሬሉ ቶሎ እንዳይሰራ ያደርጋል።

ኦክስጅን። ሰው ማስኩን ካላየ የታከመ አይመስለውም። በ2017 ስዊድን ውስጥ 6,629 ሰው ላይ ተሞክሮ ጣቱ ላይ ሚለካው ኦክስጅን 90 በመቶ እና ከዛ በላይ ለሆነ ሰው ምንም አልጠቀመም፣ ከዛ ሁለት አመት ቀድሞ በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ የተሰራ አነስ ያለ ጥናት ደሞ እንደውም ሚሞተውን ጡንቻ ሊያሰፋው እንደሚችል ጠቁሟል፣ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ስሮችን ያኮማትራል። ከ90 በታች ከሆነ ስጡ። አዲስ አበባ ደሞ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ራሱ ጠረፍ ካለው ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ነው ጣቱ ላይ ሚያሳየው፣ 93 አይታችሁ ሲሊንደር አትጎትቱ።

ሜቶፕሮሎል በደም ስር። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ልብን ማሳረፍ። በ2005 ቻይና ውስጥ ከ45 ሺ በላይ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ድጋሚ አታክን እና አደገኛ ምትን ከ1,000 ሰው 5 በ5 ሲቀንስ፣ ሾክ (ልብ ደም መርጨት አቅቶት ግፊት ሲወድቅ) ሚገቡትን ከ1,000 በ11 ጨመረ። በ2013 ስፔን ውስጥ 270 ሰው ላይ፣ የፊተኛው ግድግዳ ተነክቶ ግን ግፊታቸው ደህና የሆኑት ላይ፣ ከስቴንት በፊት ሲሰጥ ደሞ ሚሞተውን አሳነሰ። ስለዚ ሳንባው ውሀ የቋጠረ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ እጁ የቀዘቀዘ ሰው ላይ አትንኩት፣ የተረጋጋው ላይ በክኒን በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ይጀመር።

ናይትሮ ግፊቱ ከ90 በታች ለሆነ አይሰጥም። ስኳሩ ከ180 ሚሊግራም በላይ ከዘለለ በኢንሱሊን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ግን ዝቅ እንዳይልባችሁ፣ እሱ ደሞ ሌላ መርዝ ነው።

ደረጃ 8፦ ስሩ ተከፍቶም ሚቀጥለው ጉዳት

ይሄን ሰው ብዙ አያውቀውም። ደም ተመልሶ ሲገባ በራሱ ጉዳት ያደርሳል። የተራበው ሴል ውስጥ ካልሲየም በድንገት ይጎርፋል፣ ኦክስጅኑ ጎጂ ሞለኪውል ይፈጥራል፣ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ሀይል ማመንጫ) ላይ ያለ ቀዳዳ ይከፈትና ሴሉ ይፈነዳል። አንዳንዴም ትልቁ ስር ተከፍቶ ጥቃቅኖቹ ስሮች በእብጠት እና በፍርስራሽ ተዘግተው ደሙ አይደርስም፣ ቧንቧው ተጠግኖ ቤት ውስጥ ውሀ እንደማይመጣው ማለት ነው።

ለዚ መድሃኒት ሲፈለግ 40 አመት ገደማ ሆኖታል። በ1986 ሙሪ፣ ጄኒንግስ እና ሬይመር ውሾች ላይ ስሩን 4 ጊዜ ለ5፣ 5 ደቂቃ እየዘጉ ሲከፍቱ ኋላ ለ40 ደቂቃ ሲዘጋ ሚሞተው ጡንቻ ካልተለማመዱት ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት፣ ልብ ይለማመዳል ማለት ነው። ከዛ ሰው ላይ ክንድን በግፊት መለኪያ ጨርቅ 4 ጊዜ ለ5 ደቂቃ መንፋት ተሞከረ፣ በ2019 ከ5 ሺ ሰው በላይ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሳይክሎስፖሪን በ2015 ተሞከረ፣ እሱም ከሸፈ። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ለሁሉም ሰው ሲደረግ አልጠቀመም። ይሄን ሁሉ ምፅፈው "ልዩ መድሃኒት አለን፣ ይሄን ያህል ሺ ብር ክፈሉ" ሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እንድታውቁ ነው፣ ለዚ ጉዳት መደበኛ ሆኖ ሚሰጥ መድሃኒት እስካሁን የለም። ያለው ስሩን ቶሎ መክፈት፣ ግፊቱን መጠበቅ፣ ሌሎች ጠባብ ስሮች ካሉ በሌላ ቀን ማሰራት ነው።

ደረጃ 9፦ ዋርድ እና ቤት

ከተረፈው ጡንቻ ጋ ልቡ ቅርፁ እንዳይቀየር ነው አሁን ስራው። ጠባሳው ይሳሳል፣ ልቡ እንደተለጠጠ ፊኛ ይሰፋል፣ ድካሙ ሚመጣው ያኔ ነው። ኤናላፕሪል ወይም ወንድሞቹ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ግፊቱ ከፈቀደ ይጀመሩ፣ አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80፣ ቤታ ብሎከር (እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ) በክኒን፣ የልቡ አቅም (ኢጀክሽን ፍራክሽን፣ በአንድ ምት ሚረጨው የደም ድርሻ) 40 በመቶ እና ከዛ በታች ሆኖ ድካም ወይም ስኳር ካለበት ስፓይሮኖላክቶን። አስፒሪን እና ክሎፒዶግሬል ሁለቱም አብረው አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር።

እዚ ጋ ነው ሁለተኛው ትልቅ ጥፋት። ሰው ደህና ሲሆን ያቆማል። ሁዳዴ ገባ ብሎ ያቆማል፣ ጠበል ጀመርኩ ብሎ ያቆማል፣ ጥርስ ሊነቀል ሄዶ ይሄን አቁም ይባላል። ስቴንት ያለበት ሰው ክሎፒዶግሬሉን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያቆም ስቴንቱ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ያ ደሞ ከመጀመሪያው አታክ ይከፋል። ሚፆም ሰው ሀኪሙ ጋ ሰዓቱን ተነጋግሮ ማታ ላይ ማድረግ ይችላል፣ የንስሃ አባቱንም ይጠይቅ፣ እኔ እስካሁን መድሃኒት ዋጥክ ብለው የተቆጡ ቄስ አልገጠሙኝም። ወገብ ሲያም ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ መግዛትም ቀረ፣ ፓራሲታሞል።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚነሳው ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም ከሞተው ጡንቻ ጎን ያልሞተ ግን የደነዘዘ አለ፣ ስራ ያቆመ። እሱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይነቃል። ስለዚ የመጀመሪያውን ቁጥር አይታችሁ "አለቀልን" አትበሉ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ድገሙት፣ ያኔም የልቡ አቅም ከ35 በመቶ ካላለፈ ስለ ልብ ማሽን (አደገኛ ምት ሲመጣ በኤሌክትሪክ ሚመልስ፣ ደረት ላይ ሚቀበር) ከካርዲዮሎጂስቱ ጋ አውሩ። አጎቴ የመጀመሪያው ቀን 35 ነበሩ፣ ሶስተኛው ወር ላይ 48። ሊፍቱ ሲሰራ በሊፍት፣ ሳይሰራ አክስቴ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ወንበር አስቀምጣላቸው እዛ ቁጭ ብለው አርፈው ነው ሚወጡት፣ ተልባውን ግን አሁንም አልተዉም።